ሁለት ሴንተር ያለው ቡድን የቱን አሳልፎ ይስጥ?

ሁለት ጥሩ ሴንተር (ከቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወት ረጅም ተጫዋች) ያለው ቡድን አንዱን መለወጥ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤን በሚከታተሉ ሰዎች ዘንድ አያልቅም፤ የተጫዋቾች ልውውጥ የሚዘጋበት የፌብሩዋሪ ወር በተቃረበ ቁጥር ደግሞ ይጠናከራል። ክርክሩን ስከታተል የታዘብኩት ነገር ቢኖር አብዛኛው ሰው መልሱን ይዞ ጥያቄውን እንደሚጀምር ነው፤ ትርፉ ሴንተር ማለት ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠው፣ ያኮረፈው ወይም በነጥብ ያነሰው ነው ተብሎ አስቀድሞ ይወሰናል። የእኔ አቋም ከዚህ ይለያል። ቡድኑ ወደ ልውውጥ መሄድ ያለበት ሁለቱ ሴንተሮች የጨዋታውን የመጨረሻ ደቂቃዎች አብረው መጨረስ የማይችሉ ከሆነ ነው፤ ያን ጊዜም መሄድ ያለበት ሌላ ቡድን አብዝቶ የሚፈልገውና የእኛ አጨዋወት ባነሰ ጉዳት ሊያጣው የሚችለው ተጫዋች ነው። አንዳንድ ጊዜ ይህ ተጫዋች የቡድኑ ኮከብ ሆኖ ይገኛል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ በሌሎች ቦታዎች ላይ ይህን ያህል የማይከፋው ለምን እንደሆነ ቀላል ስሌት ያሳያል። አንድ ጨዋታ 48 ደቂቃ ስለሚፈጅና አምስት ተጫዋቾች ሜዳ ላይ ስለሚሆኑ አሰልጣኙ የሚያከፋፍለው በጠቅላላው 240 ደቂቃ አለው፤ ከዚህ ውስጥ የሴንተሩ ድርሻ 48 ነው። የመጀመሪያው ሴንተር 34 ደቂቃ ከተጫወተ ለሁለተኛው የሚተርፈው 14 ብቻ ሲሆን፣ በፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ዋንጫው በሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር) የመጀመሪያው ወደ 40 ሲጠጋ ሁለተኛው ስምንት ደቂቃ ይዞ ይቀራል። ሦስት ጎበዝ ጋርዶች (ከቅርጫቱ ርቀው ኳስ የሚያንቀሳቅሱ ተጫዋቾች) ያሉት አሰልጣኝ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ አሰልፎ ሊገላገል ይችላል፤ ሦስት ሴንተር ያለው ግን ሁለቱን አስቀምጦ ማየት ግድ ይሆንበታል።

ሁለት ሴንተሮችን ጎን ለጎን ማጫወት ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት አንድ የማጥቃት ሙከራን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ሁለቱም ከቅርጫቱ ሥር ካልሆነ በቀር ከሩቅ የማያስቆጥሩ ናቸው እንበል። አንደኛው ወደ ላይ ወጥቶ ኳስ የያዘውን ጋርድ ከሚጠብቀው ተከላካይ በአካሉ ይጋርድለታል፤ ጋርዱም በጎኑ ሾልኮ ወደ ቅርጫቱ ይንደረደራል፤ የጋረደለት ሴንተር ደግሞ ዞሮ ይከተለዋል። ከዚህ በኋላ መንገዱ ክፍት ሊሆን ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ሁለተኛው ሴንተር እዚያው ቅርጫቱ አጠገብ ቆሟል፤ ጠባቂውም አብሮት አለ። ሁለተኛውን ወደ ሜዳው ጥግ ብናስወጣውም ከዚያ ወርውሮ እንደማያገባ የሚያውቅ ተከላካይ ተከትሎት አይወጣም፤ ትቶት ቅርጫቱን ይጠብቃል። ጋርዱ ሲደርስ ሁለት ረጃጅም ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ይቀበሉታል፤ ያለው አማራጭ ኳሱን ወደ ውጭ መመለስ ነው። በመከላከል ጊዜ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል። ተጋጣሚው ከሩቅ የሚያስቆጥሩ ፈጣን ተጫዋቾችን ያሰልፍና ከሁለቱ ሴንተሮቻችን አንዱ ከቅርጫቱ ሰባት ሜትር ያህል ርቆ በእግሩ ከሚፈጥን ፎርዋርድ (በጋርድና በሴንተር መካከል ያለ አጥቂ) ጋር እንዲሯሯጥ ያስገድደዋል። ስለዚህ የሁለቱን ሴንተሮች ስም ከማወዳደሬ በፊት የምጠይቀው ከሩቅ የሚያስቆጥር ወይም ከቅርጫቱ ርቆ መከላከል የሚችል አንድ እንኳ ከመካከላቸው አለ ወይ የሚለውን ነው።

ልውውጥን ማዘግየት ምን እንደሚያስከፍል ከፊላደልፊያ ሰቨንቲሲክሰርስ በላይ የሚያሳይ ቡድን አላውቅም። ቡድኑ በ2013 የድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በሁለት ዙር በተራ የሚመርጡበት፣ የመምረጥ ዕድሉም በልውውጥ የሚሰጥበት ሥርዓት) ምሽት ጋርዱን ጁሩ ሆሊዴይን ለኒው ኦርሊንስ ሰጥቶ በስድስተኛነት የተመረጠውን ሴንተር ኔርሌንስ ኖኤልን አመጣ፤ በ2014 በሦስተኛው ምርጫ ጆኤል ኤምቢድን ወሰደ፤ በ2015 እንደገና በሦስተኛው ምርጫ ጃሊል ኦካፎርን ወሰደ። ያለ ምክንያት አላደረገውም። ኖኤል ከከባድ የጉልበት ጉዳት ገና እያገገመ የመጣ ነበር፤ ኤምቢድም በእግሩ ስብራት ምክንያት ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመን አልተጫወተም። ቦታን ሳይመለከቱ የተሻለውን ተጫዋች መውሰድ፣ በኋላ በልውውጥ ማስተካከል የሚለው የያኔው ዋና ሥራ አስኪያጅ የሳም ሂንኪ አካሄድ በወረቀት ላይ የሚያስኬድ ነበር። ያ አካሄድ ግን ከሁለት አንዱ ብቻ ሲፈጸም ዋጋ የለውም። ተጫዋቾቹ ተሰበሰቡ፤ ማስተካከያው ግን ዓመት ከዓመት እየተገፋ ሄደ። (ኦካፎር በተመረጠበት ድራፍት ጋርዱ ዴቪን ቡከር 13ኛ ሆኖ መመረጡን የፊላደልፊያ ደጋፊዎች ባያስታውሱ ይመርጣሉ።)

በ2015–16 ኦካፎር በአማካይ 17.5 ነጥብ እያስቆጠረ ቡድኑ ከ82 ጨዋታዎች 10 ብቻ አሸነፈ። ቢሆንም የዚያ ዓመት ክረምት ለሽያጭ ከሁሉ የተመቸ ጊዜ ነበር፤ ኦካፎር በአዲስ ተጫዋቾች ቀዳሚ ምርጥ አምስት ውስጥ ገብቷል፣ ኖኤል ጥሩ ተከላካይ መሆኑን አስመስክሯል፣ ኤምቢድ ደግሞ ገና አንድ ጨዋታ ስላልተጫወተ የትኛው ሴንተር ትርፍ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ኤምቢድ በ2016 መጸው ሜዳ ገብቶ የቡድኑ ምሰሶ እሱ መሆኑ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲታወቅ ግን የሁለቱ ዋጋ አብሮ ወረደ። የተጫዋቾቹ ችሎታ ያው ነው፤ የተለወጠው ሻጩ ለመሸጥ የተገደደ መሆኑን ገዢዎቹ በሙሉ ማወቃቸው ነው። ኖኤል ወንበር ላይ መቀመጡን በአደባባይ ተቃወመ፤ በፌብሩዋሪ 2017 ለዳላስ ተሰጥቶ በምትኩ የመጡት ጀስቲን አንደርሰን፣ ቡድኑ ወዲያው ያሰናበተው አንድሩ ቦገት፣ እንዲሁም የመጀመሪያ ዙር ተብሎ በተቀመጠበት ገደብ ምክንያት መጨረሻ ላይ ወደ ሁለት የሁለተኛ ዙር ምርጫዎች የተቀየረ የድራፍት ዕድል ነበሩ። ኦካፎርም በዚያው ወር ልውውጡ ይፈጸማል ተብሎ ከጨዋታ እንዲቆይ ከተደረገ በኋላ ሳይሳካ ቀርቶ ተመለሰ፤ በዲሴምበር 2017 ከኒክ ስታውስካስና ከአንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ጋር ተደምሮ ለብሩክሊን ሲሰጥ የመጣው ትሬቨር ቡከር ነበር፤ እሱም ሦስት ወር ሳይሞላው ተሰናበተ። በሦስተኛነት የተመረጠ ሴንተር ላይ ምርቃት ጨምሮ መስጠት ከዚያ በላይ ምን ይባላል?

የኢንዲያና ፔሰርስ ታሪክ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። ቡድኑ ማይልስ ተርነርንና ዶማንታስ ሳቦኒስን ለዓመታት አብሮ አጫወተ፤ ነገሩ ፈጽሞ አልሠራም ማለት ባይቻልም ከመካከለኛ ደረጃ ከፍ አላደረጋቸውም። ከሁለቱ የተሻለ ተጫዋች የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አያከራክርም፤ ሳቦኒስ በኢንዲያና እያለ ሁለት ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጧል፣ ሪባውንዱም (ሳይገቡ የተመለሱ ኳሶችን መያዙ) ሆነ ለጓደኞቹ የሚያቀብላቸው ኳሶች በቁጥር የሚታዩ ናቸው። ተርነር በአንጻሩ በየልውውጥ ወሬው ስሙ የሚነሳ፣ ነገ ይሄዳል ሲባል የኖረ ሰው ነበር። ኢንዲያና ግን በፌብሩዋሪ 2022 የሰጠው ሳቦኒስን ነው። ከሳክራሜንቶ ኪንግስ በምትኩ የመጣው ታይሪስ ሃሊበርተን ሲሆን በዚህ ልውውጥ ሁለቱ ቡድኖች ትርፋቸውን ለትርፍ እንደተለዋወጡ ልብ ይሏል፤ ሳክራሜንቶ ዲአሮን ፎክስን የመሰለ ኳስ ያዥ ጋርድ ስለነበረው ሌላ ኳስ ያዥ ጋርድ ተርፎት ነበር።

ተርነር ለምን ቀረ? ከላይ ላነሳሁት ጥያቄ መልስ የያዘው እሱ ስለሆነ ነው። በሊጉ በአማካይ ብዙ ኳስ በመከልከል በ2018–19ና በ2020–21 አንደኛ ሆኖ ጨርሷል፤ በማጥቃት ጊዜ ደግሞ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ቆሞ ጠባቂውን ከቅርጫቱ ያርቃል። ኳሱን ሳይዝ ለሌሎች መንገድ የሚከፍት ሴንተር ነው። ሳቦኒስ ኳሱ በእጁ ሲያልፍ የሚያምርበት ተጫዋች በመሆኑ ከሃሊበርተን ዓይነት ጋርድ ጋር ኳሱን መጋራት ነበረበት፤ በሳክራሜንቶ ግን አጨዋወቱ በሙሉ በእሱ ዙሪያ ተሠራ። ውጤቱ ሁለቱንም ጠቀመ። ሳክራሜንቶ በ2023 ከ16 የውድድር ዘመናት በኋላ ወደ ፕሌይኦፍ ተመለሰ፤ ኢንዲያና ደግሞ በ2025 ለሊጉ ፍጻሜ ደርሶ በሰባተኛው ጨዋታ በኦክላሆማ ሲቲ ተሸነፈ። ኮከቡን ይዞ ተርነርን ቢሸጥ ኖሮ ሃሊበርተንን የሚያህል ተጫዋች ማንም አይሰጠውም ነበር፤ ለሁለተኛው ሴንተር የሚከፈለው የሁለተኛ ሴንተር ዋጋ ነው።

ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስል ወደ 1988 መለስ ማለት ይቻላል። ኒው ዮርክ ኒክስ ፓትሪክ ዩዊንግን ይዞ ቢል ካርትራይት የተባለ ሌላ እውነተኛ ሴንተር ነበረው። ካርትራይትን ለቺካጎ ቡልስ ሰጥቶ ፎርዋርዱን ቻርልስ ኦክሊን ተቀበለ። ቺካጎ በካርትራይት ቋሚ ሴንተርነት በ1991፣ በ1992ና በ1993 ዋንጫ አነሳ፤ ኦክሊም በኒው ዮርክ አሥር ዓመት ቆይቶ ከዩዊንግ ጎን ለ1994 ፍጻሜ ደረሰ። አሸናፊው ማን ነው ቢባል ሦስት ዋንጫ ያነሳው እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ቢሆንም ኒው ዮርክ ተሞኘ የሚሉትን አልቀበልም፤ ዩዊንግ እያለ ካርትራይትን ወንበር ላይ ማቆየት ለማንም አይበጅም ነበርና።

የዴንቨር ናጌትስን ጉዳይ ስመለከት ግን ለሁለቱም ወገን ተከራካሪ መሆን ይቃጣኛል። ኒኮላ ዮኪችና ዩሱፍ ኑርኪች ሁለቱም በ2014 ድራፍት የተመረጡ ናቸው፤ ኑርኪች 16ኛ፣ ዮኪች ደግሞ 41ኛ ነበር። አሰልጣኙ ማይክል ማሎን የ2016–17ን ውድድር ሁለቱን አብሮ በማሰለፍ ጀመሩ፤ አልሆነም። በዲሴምበር 15፣ 2016 ዮኪች ብቻውን ቋሚ ሴንተር ሆነ፤ የቡድኑም ማጥቃት ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሌላ መልክ ያዘ። ስለዚህ ኑርኪችን መለወጥ ትክክል ነበር። ችግሩ ዋጋውና ገዢው ላይ ነው። ዴንቨር በፌብሩዋሪ 2017 ኑርኪችን ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫም ጨምሮ ለፖርትላንድ ትሬይል ብሌዘርስ ሰጠ፤ የተቀበለው ሜሰን ፕላምሊ የተባለ ሌላ ሴንተርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ነበር። ሴንተር በዛ ብሎ ሴንተር መቀበል ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ገዢው ደግሞ ለዚያው ለስምንተኛው የፕሌይኦፍ ቦታ ከዴንቨር ጋር የሚፎካከር ቡድን ነበር። በማርች 28 ሁለቱ ሲገናኙ ኑርኪች በቀድሞ ቡድኑ ላይ 33 ነጥብ አስቆጠረ፤ ከጨዋታው በኋላም ለቀድሞ ጓደኞቹ መልካም የዕረፍት ጊዜ ተመኘላቸው። የመደበኛው ውድድር ሲጠናቀቅ ፖርትላንድ በ41 ድል ስምንተኛ፣ ዴንቨር በ40 ድል ዘጠነኛ ሆነው ጨረሱ።

በረጅም ጊዜ ሲታይ ዴንቨር አልከሰረም፤ በ2023 ዮኪች ዋንጫውን አምጥቷል። ነገር ግን ኑርኪችን ከሸኘ በኋላ ዮኪች ዕረፍት በሚወስድባቸው ደቂቃዎች የሚተካው ሰው ሲፈልግ ዓመታት ፈጅቶበታል። ከሞከራቸው አንዱ አይዛያ ሃርተንስታይን ነበር፤ በማርች 2021 እሱን ከሁለት የሁለተኛ ዙር ምርጫዎች ጋር ለክሊቭላንድ ሰጥቶ ጃቬል መጊን ወሰደ። ከአራት ዓመት በኋላ ያው ሃርተንስታይን በኦክላሆማ ሲቲ ማሊያ ዴንቨርን በሰባት ጨዋታ ከፕሌይኦፍ አሰናበተ። ምትክ ሴንተር ርካሽ ነው፣ ሁልጊዜ ይገኛል የሚሉ ሰዎች ይህንን ጉዳይ ቢያጤኑት ደስ ይለኛል።

ይህም ወደ ተቃራኒው ወገን ይወስደኛል፤ ሁለቱን ይዞ የመቆየት ጉዳይ። ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር በ2024 ክረምት ቼት ሆልምግረን እያለው ሃርተንስታይንን ለሦስት ዓመት በ87 ሚሊዮን ዶላር ሲያስፈርም ትርፍ ገዛ ያሉት ጥቂቶች አልነበሩም። ውድድሩ ሳይጀመር ሃርተንስታይን እጁ ተሰበረ፤ በኖቬምበር ሆልምግረን የዳሌ ስብራት ደረሰበት፤ ሁለት ሴንተር ያለው ቡድን ለጥቂት ቀናት አንድም ሳይኖረው ቀርቶ ከሁለት ሜትር የማይደርሰውን ጄለን ዊሊያምስን በሴንተር ቦታ ሲያጫውት ታየ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ተንደር ቀድሞ ስለጠረጠረ ሃርተንስታይን ተሽሎት ሲመለስ የሆልምግረንን ረጅም መቅረት ሊሸፍን ቻለ፤ ሁለቱ ሲሟሉም አብረው ቋሚ ተሰላፊ ሆነው የ2025ን ዋንጫ አነሱ። ይህ የሆነው ሆልምግረን ከሩቅ ማስቆጠርም ከቅርጫቱ ርቆ መከላከልም ስለሚችል ነው። ከዚያ በፊት ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ዴቪድ ሮቢንሰንን ይዞ በ1997 ቲም ዳንከንን ሲመርጥ ማንም ስለ ልውውጥ አላወራም፤ ሮቢንሰን ማጥቃቱን ለወጣቱ አስረክቦ በመከላከሉ ስለበረታ በ1999ና በ2003 አብረው ዋንጫ ወስደዋል። ክሊቭላንድም ጃሬት አለንንና ኢቫን ሞብሊን ይዞ በ2024–25 64 ጨዋታ አሸንፏል። በፕሌይኦፉ ሁለተኛ ዙር ያሰናበተው ኢንዲያና መሆኑ ለእኔ ክርክር የተመቸ ይመስላል፤ ግን በክሊቭላንድ በኩል የተጎዱ ተጫዋቾች ስለነበሩ ከአንድ ተከታታይ ግጥሚያ ብዙ ማውጣት አልፈልግም።

ውል የሚባለው ነገር ሁሉንም ስሌት ሊያፈርስ ይችላል። አንድሬ ድረመንድ በሪባውንድ ደጋግሞ የሊጉ አንደኛ የሆነ ሴንተር ነው፤ ሆኖም በ2020 ዲትሮይት ለክሊቭላንድ ሲሰጠው ያገኘው ብራንደን ናይትን፣ ጆን ሄንሰንንና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫን ብቻ ነበር። ክሊቭላንድም በጃንዋሪ 2021 አለንን ካመጣ በኋላ ድረመንድን ከጨዋታ አስቀምጦ ገዢ ቢያፈላልግ፣ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን የዓመት ደመወዙን ለማስተናገድ ተመጣጣኝ ደመወዝ መመለስ የሚችል ፈላጊ አላገኘም፤ በመጨረሻ ውሉን በስምምነት አፍርሶ በነጻ ለቀቀው። የደመወዝ ጣሪያውን (ሊጉ ለአንድ ቡድን ጠቅላላ ደመወዝ ያስቀመጠውን ገደብ) ያለፈ ቡድን የሚቀበለውን ደመወዝ ከሚሰጠው ጋር ማቀራረብ ስላለበት ውድ ሴንተር ገዢዎቹ ጥቂት ናቸው። በመጀመሪያ ዙር የተመረጠ ወጣት ሴንተር ግን የአራት ዓመት ርካሽ ውል ስላለው ገዢው ብዙ ነው፤ የሚበላሸው ጊዜው ሲያልፍ ነው። ኖኤል የተሸጠው በአራተኛ ዓመቱ አጋማሽ ላይ በመሆኑ ዳላስ የገዛው ጥቂት ወራትንና በክረምቱ የሚመጣ የደመወዝ ጭቅጭቅን ነበር። ኑርኪችን የወሰደው ፖርትላንድ ግን ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ከአንድ ዓመት በላይ ሊያየው ችሏል።

ስለዚህ ሁለት ሴንተር ያለው ቡድን ሥራ አስኪያጅ ብሆን የወጣቱን ሴንተር ጉዳይ ሦስተኛ ዓመቱ ሳያልቅ እወስን ነበር፤ ከዚያ በፊትም አሰልጣኙ ሁለቱን በተቀራራቢ ጨዋታዎች የመጨረሻ ስድስት ደቂቃ ላይ አብረው እንዲያሰልፉ እጠይቃለሁ፤ በመጀመሪያው ሩብ አብረው መጫወታቸው ብዙ አይነግረኝምና። ተጫዋቹ ቢያኮርፍ ለዚያ ብዬ አልቸኩልም፤ ዋና አሰልጣኙ ግን ከሁለቱ አንዱን ጭራሽ ማጫወት ካቆሙ ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚወርድ እቸኩላለሁ። በምትኩ የምፈልገው በፕሌይኦፍ ጨዋታ መዝጊያ ላይ ሜዳ የሚቆይ ጋርድ ወይም ፎርዋርድ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን የሚሰጠኝ የተሻለውን ሴንተር ካልሆነ አልቀበልም የሚል ቡድን ከሆነ፣ የቀረው ሴንተር ከሩቅ የሚያስቆጥርና ቅርጫቱን የሚጠብቅ እስከሆነ ድረስ የተሻለውን እሰጣለሁ። ሌላ ተጠባባቂ ሴንተር ወይም የሁለተኛ ዙር ምርጫ ብቻ ይዞ የሚመጣን ቡድን ግን በጃንዋሪ እንኳን ቢሆን እመልሰዋለሁ፤ በጨዋታ 14 ደቂቃ የሚሰለፍ ጥሩ ሴንተር አንደኛው ሲጎዳ 34 ደቂቃ ይጫወታል፤ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ይህን አያደርግልኝም።